የሐጂ ይማም መርጃን እና የወተት መለኪያው

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ዝናባማ ነበር እላለሁ። ባለቤቴ ግን የተቀጠርኩት ኅዳር ላይ ስለሆነ ዝናብ ሊኖር አይችልም ትላለች። ለመዳኘት የቅጥር ደብዳቤዬን ፈልጌ አላገኘሁትም። እርግጠኛ የምሆንበት ብርዱን ነው፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የደሴ ብርድ በላቦራቶሪው ስንጥቅ መስኮት እየገባ ጣቶቼን ሲያደነዝዝ ዛሬም ይሰማኛል።

ላቦራቶሪው ሁለት ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው ናሙና እንቀበላለን፣ በሌላኛው እንመረምራለን። ከደሴ ዙሪያና ከሌሎች ወረዳዎች የጉድጓድ፣ የምንጭና የቧንቧ ውሃ በጠርሙስ ይመጣል፤ እኛ ለክተን፣ ቅጽ ሞልተን፣ «ለሰው መጠጥ ተስማሚ ነው» ወይም «አይደለም» ብለን ማኅተም እናደርጋለን። የእኔ የሥራ መደብ ጀማሪ ኬሚስት ይባል ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዤ ስለመጣሁ «ጀማሪ» የምትለው ቃል ሌላ ሰውን እንጂ እኔን የምትመለከት አይመስለኝም ነበር።

ኃላፊያችን አቶ ታፈሰ ዲግሪ አልነበራቸውም። ከብልቃጥ አጣቢነት ተነሥተው ቴክኒሻን፣ ከዚያም የላቦራቶሪ ኃላፊ የሆኑ ሰው ናቸው። በነጭ ጋውናቸው የደረት ኪስ፣ ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት ቦታ፣ ሁልጊዜ ቴርሞሜትር ይሰካሉ። በዚያች የመጀመሪያ ቀን ሦስት ጠርሙስ ውሃ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «የትኛው ይጠጣል?» አሉኝ።

እስከ ምሳ ሰዓት ለካሁ። ፒኤች፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት፣ ጥንካሬ፣ ክሎሪን፣ አንድም ሳይቀረኝ በሚያምር ጽሑፍ ሞልቼ አቀረብኩ። አቶ ታፈሰ ቁጥሮቹን አላዩም። ጣታቸውን ቅጹ አናት ላይ ባለችው ባዶ መስመር ላይ አሳረፉ። መስመሯ «የናሙናው ሙቀት» ትላለች።

«ይቺስ?»

«ጋሽ ታፈሰ፣ እሷ ለመጠጥ የምታመጣው ለውጥ የለም።»

«መሣሪያ ሁሉ የሚናገረው በሆነ ሙቀት ላይ ሆኖ ነው። ሙቀቱን ካልጻፍክ ምን እንዳለህ አናውቅም። ዩኒቨርሲቲ ይህን አይነግሩም?» አሉና ወደ ማጠቢያው እንድሄድ በአገጫቸው አመለከቱኝ። ሦስት ሳምንት ብልቃጥ አጠብኩ። ስሜም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዩኒቨርሲቲ» ሆነ።

ሐጂ ይማም የመጡት በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው የሥራ ዓመቴ ነው። ሚሊኒየሙ ገና አልገባም ነበር፤ በዚያ ትዝታዬ ውስጥ የሚሊኒየም ቆብ ያደረገ ሰው አላይምና። ደረጃዬ ከጀማሪ ኬሚስት ወደ ኬሚስት ከፍ ብሏል። ሐጂ ስልሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ከተሳቢ ሹፌርነት ወጥተው ኮምቦልቻ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ የከፈቱ፣ ትከሻቸው ገና መሪ የጨበጠ የሚመስል ሰው ነበሩ። ቢጫ ጀሪካን ራሳቸው አንጠልጥለው ገቡ።

«አሰላሙ አለይኩም። ውሃ የሚመረመረው እዚህ ነው?»

«ወአለይኩም ሰላም። እዚህ ነው፤ ይቀመጡ።» ቅጹን ዘረጋሁ። «ከየት ነው የተቀዳው?»

«ከባሕር።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ቅጹ ላይ የታተሙት ምርጫዎች ጉድጓድ፣ ምንጭ፣ ወንዝና ቧንቧ ብቻ ናቸው።

«የትኛው ባሕር?»

«የጅቡቲው ነዋ! ደሴ ላይ ሌላ ባሕር ከፍታችኋል እንዴ?»

«ሌላ» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አድርጌ ወደ ውስጥ ገባሁ። የአስተላላፊነት መለኪያችን ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት አንዲት «1» በግራ በኩል አሳይቶ ዝም የሚል ነበር፤ በሥራ ዘመኔ እንደዚያን ቀን ዝም ብሎ አያውቅም። ናሙናውን በተጣራ ውሃ አሥር እጥፍ አቅጥኜ ነው ቁጥር ያወጣሁት። ከዚያም ሥርዓቱ እንደሚያዝዘው ውጤቱን ጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ ሰጠኋቸው። «ለሰው መጠጥ ተስማሚ አይደለም።»

ሐጂ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት። «ወላሂ እውነት ጻፋችሁ። ሠላሳ ዓመት አሰብና ጅቡቲ ስመላለስ አንድም ሰው ሲጠጣው አላየሁም።»

ከወዲያኛው ክፍል አቶ ታፈሰ እየሳቁ መጡ። «ሐጂ፣ ታዲያ ምን ሊያደርጉበት አስበው ነው ያስመረመሩት?»

ሐጂ ወንበሩን ጠጋ አደረጉና ነገሩን ከሥሩ ጀመሩ። በወጣትነታቸው አሰብ ላይ ጭነት እስኪገኝ ቀናት ይጠብቁ ነበር። አንድ ቀን ከዓሣ አጥማጆች ጋር በጀልባ ወጥተው፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ መርጃን አዩ። ድንጋይ ይመስላል፤ ግን እንደ አበባ ይከፈታል፣ ባለ ብዙ አፍ ነው፣ ያገኘውንም ይበላል። ኮምቦልቻ ሲመለሱ ይህን ለሚስታቸው ለእትዬ ዘሐራ ነገሩ። እትዬ ዘሐራ ከእናታቸው የወረሱት ቀይ የመርጃን ዶቃ አንገታቸው ላይ ነበር።

«ምን አለችኝ መሰላችሁ? ‹ይኸው አንገቴ ላይ ስንት ዓመቱ፤ አንድ ቀን ቁርስ ጠይቆኝ አያውቅም› አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ይህንኑ ትላለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹ያንን የሚበላውን ድንጋይ ንገራቸው እስቲ› ብላ ታስቅብኛለች።»

እትዬ ዘሐራ ጉልበታቸው ታሞ ሩቅ መንገድ መሄድ ካቆሙ ቆይተዋል። እሳቸው ወደ ባሕሩ መሄድ ስለማይችሉ ሐጂ ባሕሩን ወደ ቤት ሊያመጡት ቆረጡ። የመስታወት ገንዳ አሠሩ። የእህታቸው ልጅ ሰይድ፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነውና፣ በየጉዞው የባሕር ውሃ በጀሪካን ይጭንላቸዋል። ይህ ብቻ ቢሆን ጨዋታ ነበር። ነገር ግን ሐጂ በጎረቤት ፊት ምለዋል፤ ድንጋዩ ሚስታቸው እያዩት ካልበላ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የባሕርን ወሬ ከአፋቸው ላያወጡ።

«ወሬውማ ቢቀር ምን አለበት?» አልኳቸው፤ ወጣት ነበርኩ።

«አንተ ልጅ፣ ከሹፌር ላይ ወሬው ከተነሣ ምን ይቀራል? ጡረታና የወገብ ሕመም!»

ጅቡቲ ላይ የባሕር ፍጥረታትን በገንዳ አኑሮ የሚሸጥ ነጋዴ ሕይወት ያለውን ድንጋይ ከመስጠቱ በፊት አንድ ነገር ጠይቋል፤ የውሃ መመርመሪያ ይኑራችሁ ብሏል። የትኛውን እንደሚገዛ ሰይድ አላወቀም። ሐጂም ወደ እኛ የመጡት ለዚህ ነው። «መሣሪያውን ምረጥልኝ» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ዝርዝር አዘጋጀሁ። ዘጠኝ መሣሪያዎች ነበሩበት፤ አሁን ሳስበው የላቦራቶሪያችንን መደርደሪያ ከግራ ወደ ቀኝ ገልብጬው ነበር። ባለ ዲጂታል ሰሌዳ ፒኤች መለኪያ፣ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ሌላም ሌላም። አቶ ታፈሰ ቀይ እስክሪብቶ አነሡ።

«ይህን ፒኤች መለኪያ በየሳምንቱ የሚያስተካክሉበትን ፈሳሽ ኮምቦልቻ ውስጥ ማን ይሸጥላቸዋል?»

«ከእኛ ሊወስዱ…»

«ሰረዝኩት። ይህንንም ሰረዝኩት። ይህ ደግሞ የእኛም ተበላሽቶ ከቆመ ስንት ጊዜው ነው፤ አፍረህ አትጽፈውም?»

በቀይ ሰረዝ መሐል የተረፉት ስድስት ናቸው፤ ቴርሞሜትር፣ ተንሳፋፊ የጨው መለኪያ፣ በጠብታ ቀለም የሚያወጡ የአሞኒያ፣ የናይትራይት፣ የናይትሬትና የፒኤች መመርመሪያዎች። ካልሲየምን አነሣሁባቸው፤ መርጃን አጽሙን የሚሠራው በካልሲየም ነው አልኩ። «አንዲት ድንጋይ ናት፤ ለጊዜው ውሃ ቢቀይሩላት ይበቃታል፤ ስታድግ ይገዙላታል» አሉ። ከታች በራሳቸው እጅ አንዲት መስመር ጨመሩ፤ «ሁሉም ለባሕር ውሃ የሚሠራ መሆኑ ይረጋገጥ።» ያን ጊዜ መስመሯን ለማስታወሻ ያህል የጻፏት መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ሲመልሱልኝ «ከመግዛታቸው በፊት ውረድና የሚያነበውን ሰው እይ» አሉኝ።

ስለዚህ አንድ ቀን በሚኒባስ በሐረጎ ቁልቁለት ወረድኩ። ከደሴ በሹራብ ተነሥተው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሹራቡን በክንድ ማንጠልጠል ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እኔም በዚያን ቀን አንጠልጥዬው ነበር። ይህን የምጽፈው በኋላ ስለሚያሳፍረኝ ነው።

የሐጂ ሳሎን ውስጥ ገንዳው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሁለት መቶ ሊትር ያህል ይይዛል። እትዬ ዘሐራ መከዳ ተደግፈው፣ ያን ቀይ ዶቃ እንዳጠለቁ ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። ቀለም የሚቀያየር ወረቀትና የቀለም ሰንጠረዥ አውጥቼ ለሐጂ ሰጠኋቸው። ቢጫውን አረንጓዴ፣ አረንጓዴውን ሰማያዊ አሉኝ። በሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ሁሉንም ቢጫ አሏቸው።

«ኧረ በአላህ!» አሉ እትዬ ዘሐራ ከመከዳቸው። «እንዴት አድርገህ ነው ተሳቢ ስትነዳ የኖርከው? ይሄ ቢጫ አይደለም፤ የሎሚ ልጣጭ ነው። ያኛው ገና ያልበሰለ ሎሚ። ያ ደግሞ የሰኔ ሣር።»

ሰንጠረዡን አየሁት። ሦስቱንም በትክክል ለይተዋል። እትዬ ዘሐራ ጉልበታቸው እስኪታመም ድረስ ገበያ ላይ ክርና ሻሽ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፤ ደንበኛ ያመጣችውን ቁራጭ ጨርቅ በዓይናቸው ብቻ ከክር ጋር ያገጣጥሙ ነበር።

«እትዬ፣ እንግዲያው መርማሪዋ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«እኔ? ለሱ ውሸት ምስክር ልሁን?»

«ምስክር ሳይሆኑ ዳኛ ይሁኑ።»

ይህን ወደዱት። «ዳኛ ከሆንኩማ አልለቀውም» አሉ ባላቸውን በጎን እያዩ። እኔንም ከዚያ ወዲህ «የውሃው ሐኪም» ይሉኝ ጀመር።

ሰይድ መሣሪያዎቹን ይዞ መጣ። ጠብታዎቹ ደኅና ገቡ፤ ቴርሞሜትሩም። ተንሳፋፊው የጨው መለኪያ ግን በመንገዱ መንገጫገጭ ዱቄት ሆኖ ደረሰ። ሌላ እስኪመጣ በገንዳው መስታወት ላይ ምልክት አድርገን፣ ውሃው በትነት ሲቀንስ በንጹሕ ውሃ እስከ ምልክቱ እንዲሞሉ ነገርኳቸው። ከነጋዴው የመጡት ተራ ድንጋዮች ገንዳ ውስጥ ገቡና መጠበቅ ጀመርን። አዲስ ገንዳ መጀመሪያ አሞኒያ ያፈራል፤ ከዚያ አሞኒያውን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ እስኪራቡ ድረስ ሕይወት ያለው ነገር አይገባበትም።

እትዬ ዘሐራ በየሁለት ቀኑ ጠብታቸውን እየጣሉ ውጤቱን በስልክ ይነግሩኝ ነበር። «አሞኒያው የሰኔ ሣር ሆኗል።» ሌላ ቀን፣ «አሞኒያው ወደ ሎሚ እየተመለሰ ነው፤ ናይትራይት ያልከው ግን የወይን ጠጅ ቀለም ይዟል።» እኔ ደሴ ላይ ሆኜ ሰንጠረዥ አይቼ ወደ ቁጥር እመልሰዋለሁ። ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ አሞኒያው ቢጫ፣ ናይትራይቱ ጠራ ያለ ሰማያዊ ሆነው ቆሙ። ገንዳው ራሱን ማጽዳት ለምዷል። ሰይድም ሕይወት ያላትን ድንጋይ አመጣት፤ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ ቡናማ አፎች የተደረደሩባት፣ ከጡጫ የማትበልጥ ድንጋይ። በገባች ማግስት ግማሽ ያህሉ አፎች ተከፈቱ። ሳምንት ሳይሞላት እንዳትመገብ ነጋዴው አስጠንቅቆ ስለነበር ሐጂ ቀን መቁጠር ጀመሩ።

ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። አዲሱ የጨው መለኪያ ስለዘገየ እኔ ብልሃት አሰብኩ። ቦሩ ሜዳ ላይ ከገበሬ ወተት የሚረከብ አንድ ወዳጅ ነበረኝ። ወተት ተረካቢ ሁሉ ላክቶሜትር የሚባል ተንሳፋፊ የመስታወት ዘንግ አለው፤ ወተቱ በውሃ ከቀጠነ ዘንጉ ወደ ታች ይሰጥምና ያጋልጣል። ጥሩ ወተትና የባሕር ውሃ ደግሞ በክብደታቸው በጣም ይቀራረባሉ። ዘንጉን ተዋስኩት። በማለዳ፣ ደሴ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ከቀረው የጅቡቲ ናሙና ላይ አንሳፈፍኩት፤ ከዘንጉ ቁጥሮች ሃያ ሰባት ላይ ቆመ። እዚያው መስመር ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። «ክሩ ከውሃው ፊት ጋር እኩል ይሁን» ብዬ ለሐጂ ላክሁላቸው። ለባልደረቦቼም አወራሁ፤ ለአቶ ታፈሰ ብቻ አልነገርኳቸውም፤ ሲሳካ ላስደንቃቸው አስቤ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ሐጂ ነበሩ። ድምፃቸው የወትሮው አልነበረም።

«የውሃው ሐኪም፣ ድንጋዪቱ አፏን ዘጋች። አንድም ሳይቀር። ና ድረስልኝ።»

የአሞኒያ መመርመሪያ መድኃኒታችንንና ትንሿን የመስክ ቀለም መለኪያ በቦርሳ ይዤ ወረድኩ። ሳሎኑ ውስጥ ሰይድ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ ሐጂ ደግሞ ተቆጥተዋል። የላክሁትን ዘንግ ገንዳው ላይ ቢያንሳፍፉት ቀይ ክሩ ውሃ ውስጥ ሰጥሟል፤ ውሃው ቀጭን ነው ማለት ነው። ወተት ተረካቢ እንደሚያደርገው ፈርደዋል።

«ባሕሩን በውሃ አቅጥኖ ነው ያመጣልኝ! ሚሌ ላይ ወርዶ ከወንዙ ሞልቶታል!» አሉ ወደ ሰይድ እየጠቆሙ።

«አጎቴ፣ ወላሂ ከባሕሩ ነው የቀዳሁት! እስከ ጉልበቴ ገብቼ!»

«ታዲያ ክሩ ለምን ሰጠመ? ክር ይዋሻል?»

ክሩ ከፍ እንዲል ሐጂ ነጋዴው ከላከው የባሕር ጨው በሁለት ቀን ውስጥ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጨምረዋል። ክሩ ከውሃው ፊት ጋር እኩል ሆኗል። ድንጋዪቱም ተዘግታለች።

«መርጃንህ ረመዳን ሳይገባ ጾም ያዘ?» አሉ እትዬ ዘሐራ። ሣቅ አሉና ወዲያው የባላቸውን ፊት አይተው ሣቃቸውን ገቱ። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ገንዳው አዞሩ። የሰውዬው ወሬ ከወዲሁ ያለቀ ይመስል ነበር።

ስለ ጨው ማሰብ ሲገባኝ ስለ መርዝ አሰብኩ። ናሙና ቀድቼ የአሞኒያ መድኃኒታችንን ጨመርኩበት። ብልቃጡ እንደ ወተት ደፈረሰ፤ የመስክ መለኪያዬም የሚያስደነግጥ ቁጥር አወጣ። «ውሃው ተመርዟል። አሁኑኑ መደፋት አለበት» አልኩ። ሰይድ ባልዲ ሊያመጣ ተነሣ።

«ቁጭ በል!» አሉ እትዬ ዘሐራ። «ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ፤ ቢጫ ነው።» ጠብታቸውን አውጥተው ፊታችን ደገሙት። ቢጫ ነበር።

«እትዬ፣ የእኔ መሣሪያ የላቦራቶሪ ነው። የእርስዎ የጀማሪ ነው።»

«የጀማሪም ይሁን የሌላ፣ ቢጫ ቢጫ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሳየው ከረምኩ፤ አንተ ዛሬ መጥተህ ትደፋዋለህ?»

ከሁለታችን ማንን እንደሚያምኑ ሐጂ ግራ ገባቸው። እኔም በልቤ ግራ ገብቶኝ ነበር። ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለው ሱቃቸው ስልክ ለአቶ ታፈሰ ደወልኩላቸውና ሁሉንም፣ የወተት መለኪያውንም ጭምር፣ ተናዘዝኩ።

«ዩኒቨርሲቲ፣ ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ ስንት ነው?»

አልለካሁም ነበር። ቴርሞሜትሩ ገንዳው ላይ ተሰቅሎ እያለ አላየሁትም። ስልኩን ሳልዘጋ ሄጄ አየሁ፤ ሃያ ሰባት ዲግሪ።

«ክሩን ስታስርስ እዚህ ስንት ነበር?»

አልጻፍኩም። ግን ጠዋት ነበር፣ መስኮቱም ያው ስንጥቁ ነው። «አሥራ አምስት ቢሆን» አልኩ።

«ውሃ ሲሞቅ ይቀላል። ዘንጉ የሰጠመው ውሃው ቀጥኖ ሳይሆን ኮምቦልቻ ስለሆነ ነው። አሞኒያህ ደግሞ አሞኒያ አይደለም፤ ያ መድኃኒት የባሕር ውሃ ውስጥ ካለው ማግኒዚየም ጋር ሲገናኝ ይደፈርሳል። ‹ለባሕር ውሃ የሚሠራ› ብዬ የጻፍኩት ለጌጥ መሰለህ? ሴትየዋን ስማ።» ስልኩን ዘጉ።

ተመልሼ ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ መጀመሪያ እትዬ ዘሐራን፣ ቀጥሎ ሰይድን። ስለ ሙቀትና ስለ ክብደት ያስረዳሁትን ግን ሐጂ አልተቀበሉኝም። ባሕሩ ሐረጎን ሲወርድ ክብደቱን ጣለ ማለት ለእሳቸው ከሚበላ ድንጋይ የባሰ ወሬ ነበር። የፈታው ጀሪካኑ ነው። ዕቃ ቤት ውስጥ ከመጣ ወዲህ ያልተከፈተ አንድ የጅቡቲ ጀሪካን ቀርቶ ነበር። ወደ ሳሎን አስገባነው፤ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ሻይ ጠጥተን ጠበቅን። ከዚያ ከፍተን ዘንጉን አንሳፈፍነው። ቀይ ክሩ ሰጠመ፤ ዘንጉም ሃያ ሦስት ተኩል ላይ ቆመ። እጅ ባልነካው ባሕር ውስጥ!

ሐጂ ረዘም ላለ ጊዜ ዘንጉን አዩት። ከዚያ ተነሥተው ሰይድን ግንባሩን ሳሙት። «አፉ በለኝ ልጄ።»

«አብሽር አጎቴ። ግን ሚሌን ለምን አሙ? ሚሌኮ ወንዙ ያን ጊዜ ደርቆ ነበር።»

ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ሳወራ «ያልተከፈተውን ጀሪካን አምጡት» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ድምፄን፣ የቆምኩበትን ቦታ ሁሉ አስታውሳለሁ። ባለፈው ዓመት ጠረጴዛዬን ሳስረክብ የዚያን ዘመን የመስክ ማስታወሻዬን መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። በራሴ እጅ እንዲህ ይላል፤ «እትዬ ዘ.፦ ከመጣበት ውሃ ጋር አስተያዩት፤ ክር የማገጣጥመው እንዲያ ነው።» ትዝታዬ ሐሳቡን ከሳቸው ወስዶ ለእኔ ሰጥቶኝ ኖሯል። እዚህ መልሻለሁ። ሌላ ያልመለስኩት ይኖር እንደሆነ አላውቅም።

ክሩን ፈትተን፣ በዚያው ቤት ሙቀት፣ ጀሪካኑ ውስጥ ዘንጉ በቆመበት መስመር ላይ አሰርነው። ከገንዳው በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ጀሪካን ያህል ጨዋማ ውሃ ቀድተን፣ በምትኩ ክሎሪኑ እንዲለቅ ተከፍቶ ያደረ የቧንቧ ውሃ ጨመርን። በችኮላ የተሠራውን በችኮላ አላፈረስነውም። በሦስተኛው ቀን ክሩ ከውሃው ፊት ጋር እኩል ሆነ።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐጂ እንድመጣ ጠሩኝ። አቶ ታፈሰም አብረውኝ ወረዱ፤ ሥራ ስላላቸው አልነበረም። ሐጂ ሲምሉ የሰሙት ጎረቤቶች ሳሎኑን ሞልተውታል። ድንጋዪቱ ተከፍታለች፤ ቡናማ አፎቿ ውሃው በነካቸው ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይላሉ። እትዬ ዘሐራ ቀድመው ጠብታቸውን ጣሉ። «ቢጫ» አሉ። ክሩን አዩ። «እኩል።» አቶ ታፈሰን ሲያዩ ደግሞ ሳይጠየቁ «ሙቀት ሃያ ሰባት» አሉ። አቶ ታፈሰ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ፤ በሥራ ዘመኔ ለአንድም ሠራተኛ እንዲያ ሲያደርጉ አላየሁም።

ሐጂ ሽሪምፕ ከምትባል ትንሽ የባሕር እንስሳ ሥጋ ደቃቅ ቁራጭ በወረንጦ ይዘው ለሚስታቸው አቀበሉ። እትዬ ዘሐራ መከዳቸውን ትተው፣ ጉልበታቸውን በአንድ እጅ ይዘው ወደ ገንዳው ቀረቡ። ቁራጯን ከአንዱ አፍ ላይ አስቀመጧት። ምንም አልሆነም። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ዙሪያው ያሉት ጥቃቅን ጣቶች ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ተጠቀለሉ፤ አፉ ቁራጯን ይዞ ተዘጋ።

«ማሻአላህ!» አለ አንድ ጎረቤት። ሐጂ ዓይናቸውን ገለጡ። «በላ?»

የእትዬ ዘሐራ እጅ አንገታቸው ላይ ወዳለው ዶቃ ሄዶ አንዱን ፍሬ ሲዳስስ አየሁ። «ይሄም እንዲህ ነበራ» አሉ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም። ቆየት ብለው ወደ ባላቸው ዞሩና ድምፃቸውን መለሱት።

«እሺ፣ ይህችኛዋ እውነት ናት። ስለዚያ ጀልባ ስለሚያክለው ዓሣ ግን ገና አልተወያየንም።»

ሐጂ ወዲያው ስለ ዓሣው ጀመሩ።

መሣሪያ ምረጥልኝ የሚለኝ ሰው እስከ ዛሬ አልጠፋም። ለጀማሪ የባሕር ገንዳ የምለው አልተለወጠም፤ መጀመሪያ ቴርሞሜትር፣ ቀጥሎ ገንዳው ባለበት ክፍል ሙቀት የተፈተሸ የጨው መለኪያ፣ ከዚያ ለባሕር ውሃ የተሠሩ ጠብታዎች። ከሁሉ በፊት ግን ማን እንደሚያነበው እጠይቃለሁ። መሣሪያው የሚመረጠው ለዚያ ሰው ዓይን ነው።